በወረቀት የሞተች እናት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንደገና ቾክ እይዛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኮልፌ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲለኝ ነው የተውኩት። ባለቤቴ ሞቷል፣ ልጆቼም የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። ቤቴል ባለችው ቤቴ ጎመንና ቃሪያ ተክዬ፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ከሰዓት ዜና እየሰማሁ ልኖር ነበር ሐሳቤ።

ከቤት ያወጣችኝ ጎረቤቴ ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር ሆና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች በነፃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተች። አንድ ቀን በሬን አንኳኳችና፣ «ቲቸር፣ አስተማሪ አጣሁ። ለአንድ ወር ብቻ ይርዱኝ» አለችኝ። አንድ ወሩ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ትምህርት ቤት እንበለው እንጂ፣ ዓለም ባንክ ወደሚባለው ሰፈር በሚወስደው መንገድ ከአንድ እንጨት ቤት ጀርባ ያለ የኪራይ ግቢ ነው። ሦስት የቆርቆሮ ክፍሎች አሉት። የእንጨት ቤቱ መጋዝ ሲነሳ እኔ የምለው አይሰማም፤ ስለዚህ መጋዙ ሲጮህ እንጽፋለን፣ ዝም ሲል እናነባለን። ልጆቹ ለምደውት ድምፁ ገና ሲጀምር እርሳሳቸውን ያነሳሉ።

የትምህርት ቤቱ ደንብ ግልጽ ነው። የሚገባው እናትም አባትም የሞቱበት ልጅ ብቻ ነው። ደብተሩን፣ ዩኒፎርሙንና ምሳውን የሚችሉት ሰዎች የተስማሙት እንደዚያ ብለው ነው። በአንድ ክፍል ሰላሳ ልጅ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ለመመዝገብ ከእድር ወይም ከሰፈር ሽማግሌዎች ወላጆቹ መሞታቸውን የሚመሰክር ወረቀት ይመጣል፣ አሳዳጊውም ይፈርማል። ያንን ወረቀት አብረን ተቀምጠን የምንቀበለው እኔና ጎረቤቴ ነን። እውነቱን ለመናገር አንብቤው አላውቅም ማለት ይቻላል። ማኅተሙን አይቼ አስቀምጣለሁ። ሰው ስለ ሞት ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። በግራ እጇ ነው የምትጽፈው፤ ከጎኗ ከተቀመጠችው ልጅ ጋር ክንዳቸው እየተጋጨ ሁልጊዜ ይጣላሉ። በፋይሏ ላይ አባቷም እናቷም ሞተዋል፣ አሳዳጊዋ አክስቷ ናት ይላል። አክስትየዋ ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። ኮንዶሚኒየም ቤቶች እየዞረች ልብስ ታጥባለች፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ በሳሙና እንደተጨማደዱ ናቸው። በየቀኑ ከሰዓት በር ላይ ትጠብቃትና ይዛት ትሄዳለች።

ነገሩ የጀመረው አንድ ከሰዓት ልጆቹ ሲለቀቁ ነው። ልጅቷ ስትሮጥ እንጨት ቤቱ በር ላይ በተከመረው ጣውላ ተደናቀፈችና አገጯ ተተረተረ። አጠገቧ ነበርኩ። ደሙን ስታይ፣ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። አክስትየዋ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች፣ አፈፍ አደረገቻት፣ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ልጅቷ ጥቂት ካለቀሰች በኋላ ቀና ስትል እኔን አየችኝ። ለቅሶዋን ወዲያው አቆመች።

«ቲቸር፣ አክስቴ ነው ያልኩት» አለችኝ።

ደሙ አንገቷ ላይ እየወረደ ነው ይህን የምትለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ታክሲ ይዘን ቤቴል ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄድን። ካርድ የምታወጣው ልጅ ለሴትዮዋ፣ «ምኗ ነሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ የልጅቷን ፀጉር መዳበስ ጀመረች። ጥያቄው በሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አገጯ ላይ ጨርቅ የያዘችው ልጅ፣ «አክስቴ ናት» ብላ መለሰች።

ቤቴ ገብቼ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ልጅ ሲያመው እናቱን ይጠራል፤ በሕይወት ትኑር አትኑር። እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ጥርሴን ሲነቅሉኝ እናቴን ጠርቻለሁ፣ እናቴ ካረፈች ስንት ዘመኗ። ይህ ለጊዜው ልቤን አሳረፈው። ግን ልጅቷ ለምን አረመችው? የጠራቻት የሞተችውን ቢሆን ኖሮ ማረም አያስፈልጋትም ነበር። ይህንን ከራሴ ማውጣት አቃተኝ።

በዚያው ወር በአማርኛ መጽሐፉ ላይ «ቤተሰቤ» የሚለው ትምህርት ደረሰ። እዚህ ትምህርት ቤት ስደርስበት አልፈዋለሁ ወይም እለውጠዋለሁ። ያን ቀን ለውጬ፣ «አብሮኝ ስለሚኖር ሰው» ብዬ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። መጋዙ ሲጮህ ጻፉ። ደብተር ስሰበስብ የእሷን አነበብኩት።

«እናቴ ሞታለች። አክስቴ ፀጉሬን ትሠራልኛለች። አክስቴ እናቴን ትመስላለች።»

ሦስተኛው ላይ አራት ነጥቡን ረስታው ኖሮ በቀይ አስገባሁላትና ትክክል ብዬ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ምኑ ነው ትክክል? ልጆቹ ቀጣዩን እስክነግራቸው ያዩኛል።

ቅዳሜ ዕለት ክሊኒክ የሰፉላትን አገጯን ልየው በሚል ሰበብ ቤታቸው ሄድኩ። በአንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ ከተሠሩ ክፍሎች አንዷ ናት። ልጅቷ ደጅ ገመድ ትዘላለች። ሴትዮዋ ስታየኝ እጇ ላይ የነበረውን ልብስ መልሳ ባልዲው ውስጥ ከተተችው። የመጣሁበትን ሳልነግራት ገብቷታል።

«ሊያስወጡብኝ ነው?» አለችኝ።

«ማንን?»

«እትዬ፣ ያውቁታል እኮ።»

በርጩማ አቀረበችልኝና መሬት ተቀመጠች። ከጎጃም ገጠር ከባሏ ጋር ነው የመጣችው። ባሏ የቀን ሥራ ሲሠራ ከፎቅ ወድቆ ሞተ። ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወሰደቻት። የልደት ሰርተፍኬት አሉ። ወረዳ ስትሄድ ለልደት ሰርተፍኬቱ የእናት መታወቂያ አሏት። ለመታወቂያው ደግሞ ከመጣሽበት ቀበሌ መሸኛ አሏት። መሸኛውን እንዳታመጣ ያን ጊዜ አገሯ መንገድ ተዘግቷል፣ ስልክም አይሠራም። አንድ ዓመት ሙሉ ልጅቷ ቤት ዋለች።

«ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ያ የነፃ ትምህርት ቤት ጣጣ የለውም፣ የሚጠይቁት የሞት ወረቀት ብቻ ነው አሉኝ» አለች። «አባቷ የእውነት ሞቷል። እኔን ደግሞ እሳቸው በወረቀት ገደሉኝ። ምንም አልመሰለኝም እትዬ። ከሞትኩ ትማራለች፣ ካለሁ አትማርም። ምን ልምረጥ?»

 እናት ያላት ልጅ የማትገባበት፣ እናት የሌላት የምትገባበት በር መኖሩን እስከዚያ ቀን እንደዚህ አስቤው አላውቅም።

«ልጅቷስ?» አልኳት።

«ከበሩ ወዲያ አክስትሽ ነኝ፣ ከበሩ ወዲህ እናትሽ ነኝ አልኳት። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ነበር። አሁን ግን ይምታታባታል። ቤትም ውስጥ አክስቴ ትለኛለች። ስቆጣት ነው እናቴ የምትለኝ።»

ለማንም እንደማልናገር ቃል ገባሁላት። ወደ ቤቴ ስመለስ ውሸት ያገዝኩ መሰለኝ፤ ጥቂት ስራመድ ደግሞ እውነት ብናገር የምሠራው ኃጢአት የሚብስ መሰለኝ። ፌርማታው ላይ ሁለት ታክሲ አሳለፍኩ።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ቀስ በቀስ እረሳው ነበር። ነገር ግን ከገና በኋላ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከአስኮ በእግራቸው ነው የመጡት። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷም አባቷም በአንድ የመኪና አደጋ ሞተዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የሁለቱን ፎቶግራፍ ጭምር ይዘው መጥተው ጠረጴዛችን ላይ ዘረጉት።

ጎረቤቴ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። «አባባ፣ ሁለተኛ ክፍል ሞልቷል። ሰላሳ ነው የተፈቀደልን። ለመስከረም ስሟን ልያዝልዎት» አለቻቸው።

«እስከ መስከረም እኔ ልኑር አልኑር አላውቅም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ቁጣ የለባቸውም። ፎቶውን በመሀረብ ጠቅልለው ወጡ። እኔ ተከትያቸው እስከ መንገዱ ሄድኩ። የያዝኩት ነገር ቢኖር ከሰላሳው ወንበር አንዱ የማን እንደሆነ ማወቄ ብቻ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤቴን፣ «እናቷ በሕይወት ያለች ልጅ እዚህ ገብታ ብትገኝ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ስሟን እንዳይነግሩኝ ቲቸር። ስሟን ካወቅሁ ማድረግ ያለብኝን ማድረግ አለብኝ።»

«አንድ እንዳለች ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«አንድ ብቻ ናት ብለው ነው?» አለችና ተነስታ የልጆቹን ሳህን መሰብሰብ ጀመረች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ጭራሽ የማደርገው ጠፋኝ። ክፍሌ ገብቼ ሰላሳውን ልጆች አንድ በአንድ አየኋቸው። ማን ማታ ገብቶ እማዬ እንደሚል፣ ማን እንደማይል ፊታቸው ላይ አይነበብም። በዚያ ቀን ስም ስጠራ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰዓት ልጅቷን ልትወስድ ስትመጣ ለእናትየዋ የሽማግሌውን ነገር ነገርኳት። ልጅሽን አውጪ ለማለት አልነበረም። ሸክሙን ለብቻዬ መያዝ አቅቶኝ ይሆናል። እሷም ሰምታ፣ «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «ሰባት» አልኳት።

ሰኞ ልጅቷ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ቤታቸው ስሄድ እናትየዋ ዕቃ ትጠቀልላለች።

«መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ» አለችኝ። «አገሬ ሄጄ መሸኛውን አመጣለሁ። ወንበሩን ለዚያች ልጅ ስጧት።»

«እኔ እኮ ውጡ አላልኩሽም።»

«አላሉኝም። ግን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኔ ልጅ እናት አላት።» ከዚያ ዓይኗን ከጥቅሉ ሳታነሳ፣ «ልጅቷን ይዤ በዚያ መንገድ አልሄድም። ለሁለት ሳምንት እርስዎ ጋ ትቀመጥልኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ለጎረቤቴ አክስትየዋ ልጅቷን ልታስወጣት መሆኑን ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ካየችኝ በኋላ ምንም ሳትጠይቅ ለሽማግሌው ደወለች። የልጅ ልጃቸው በነጋታው መጣች። ከእግሯ የሚሰፋ ጫማ አድርጋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

እኔ ደግሞ በእንግድነት ቤቴ ያለችውን ልጅ የት ላውላት? ይዣት ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ጎረቤቴ ቢሮዋ ውስጥ አስቀመጠቻት። ቢሮውና ክፍሌ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ስለሆነ የማስተምረውን ሁሉ ትሰማለች። እኔ ልጆቹን ስጠይቅ እሷ ከቆርቆሮው ወዲያ ቀድማ ትመልሳለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ምሳዬን ለሁለት እንበላለን። ታዲያ ምን ተለወጠ? ሰላሳ አንደኛ ልጅ አይቻልም ተብሎ ሽማግሌ በመለስንበት ግቢ፣ ሰላሳ አንደኛዋ ልጅ ይኸው በግድግዳ ተከልላ ትማራለች። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት፣ «እኔም ሲገርመኝ ነው የሰነበተው» አለች።

ሁለት ሳምንቱ አለቀ። ሦስተኛውም አለቀ። የእናትየዋ ስልክ አይሠራም። በሬዲዮ በዚያ በኩል እንደገና መንገድ መዘጋቱን ሰማሁና ልጅቷ ሳትሰማ አጠፋሁት። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። የላክኋት እኔ ነኝ? ወይስ ራሷ ናት የሄደችው? አንድ ቃል ባልነግራት ኖሮ አሁን ልብስ እያጠበች ነበር።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ልጅቷ ፀጉሯን ስሠራላት፣ «ቲቸር፣ አሁን በእውነት ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው።»

እጄ ፀጉሯ ውስጥ ቆመ። ለተማሪ የማላውቀውን እንኳ ነገ እነግርሃለሁ ብዬ አልፋለሁ እንጂ አላውቅም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን፣ «አላውቅም» አልኳት። እሷም ሽሩባውን እንዳጠብቀው ነገረችኝ፤ እናቷ አጥብቃ ነው የምትሠራላት።

ጎረቤቴ ልታጽናናኝ ፈልጋ፣ «ምናልባት ነገሩ እንደዚያ ከሆነ ቦታ አናጣላትም» ስትለኝ፣ «እንደምን ከሆነ?» አልኳት። ያለችው ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

እናትየዋ የተመለሰችው በስድስተኛው ሳምንት እሑድ ቀትር ላይ ነው። በሩን ስከፍት አላወቅኋትም፤ ፊቷ ጠቁሮ፣ እግሯ አብጦ። መንገዱ ከመካከል ሲዘጋባት ወንድሟ ቤት ቆይታለች፣ ከዚያም እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በእግሯ ወጥታለች። ስልክ የሚሠራበት ቦታ አልነበረም። መሸኛውን በፌስታል ጠቅልላ ከልብሷ ስር ይዛዋለች።

ልጅቷ ሮጣ ታቅፋታለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ቆማ ቀሚሴን ያዘች። እናትየዋም አልጠራቻትም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ልጅቷ ያበጠውን እግር ጥቂት አየችው። ከዚያ ሄዳ በባልዲ ውሃ አመጣችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ክፍላቸውን ለቀው ስለነበር እኔ ጋ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ገቡ። ወረዳ አብሬያት ሄድኩ። መሸኛው እያለም ሌላ ነገር ጎደለ፤ ቤቴ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ለመኖሯ የቤት ባለቤት ማረጋገጫ ያስፈልጋል አሉ። የኖረችው ገና አሥር ቀን ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ከስድስት ወር በላይ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሠራተኛው አመስግኖ ተቀበለኝ፤ ጡረተኛ መምህር አይዋሽም ብሎ ይሆናል። ወጥተን መንገድ ስንሻገር ነው ያደረግሁት የታወቀኝ። እሷን በወረቀት የገደሉት ሽማግሌም እንደኔው እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ፈርመው ይሆናል።

መታወቂያው ወጣ፣ ከዚያ የልደት ሰርተፍኬቱ። በመስከረም ልጅቷ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ፈትነዋት ሦስተኛ ክፍል አስገቧት፤ ከቆርቆሮው ወዲያ የሰማችው ሁሉ አልጠፋባትም። እናቷ አሁንም ልብስ ታጥባለች። የአስኮው ሽማግሌ የልጅ ልጅ ማንበብ ችላለች፤ ሽማግሌውም በሕይወት አሉ፣ እንዲያውም በየሳምንቱ መጥተው በር ላይ ያስቁናል።

እኛ ጋ ያለው ፋይል ግን እንደነበረ ነው። ጎረቤቴ ዓመቱ ሲዘጋ፣ ከምዝገባ ደብተሩ ላይ «የወጣችበት ምክንያት» የሚለው ሳጥን ባዶ ሆኖ አግኝታ ወደ እኔ አዞረችው። ሁለታችንም ብዙ አሰብን። በመጨረሻ «ሰፈር ቀይራለች» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ከምትኖርበት ከእኔ ግቢ እስከ ጎረቤቴ ግቢ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ዘንድሮ ምዝገባ ሲደርስ፣ «ወረቀት መቀበሉን ለሌላ ሰው ስጪልኝ፣ እኔ ላስተምር» አልኳት።

«እኔም ለሌላ ሰው ብሰጠው ደስ ይለኛል» አለችኝ።

ሌላ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንቀበላለን። አሁን እያንዳንዱን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ሳነበው ምን እየፈለግሁ እንደሆነ ግን አላውቅም።